ሻንጣ ከታሰረ በኋላ የሚጠየቅ ምሪት



ኢየሩሳሌም ከፈረሰች ብዙ ጊዜ አልሆነም። ባቢሎናውያን ከተማዋን አቃጥለዋል፤ የንጉሡን ዓይን አውጥተው በሰንሰለት ወስደውታል። ለቀሩት ድሆች ገዥ ሆኖ የተሾመው ጎዶልያስ ደግሞ ምጽጳ ላይ በገዛ ወገኖቹ እጅ ተገድሏል። የተረፉት ሰዎች የባቢሎንን በቀል ፈርተው፣ ሴቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደቡብ ወረዱና በቤተ ልሔም አጠገብ ሰፈሩ። መጽሐፉ የጉዟቸውን አቅጣጫ አይደብቅም፤ ወደ ግብፅ ለመሄድ ነበር የተነሡት። ወደ ነቢዩ ኤርምያስ የቀረቡት እንግዲህ መንገድ ከጀመሩ በኋላ ነው። የምንሄድበትን መንገድ እግዚአብሔር እንዲያሳየን ጸልይልን አሉት። መልሱ ቢጥመንም ባይጥመንም እንታዘዛለን ብለውም ማሉ።

ኤርምያስ ዐሥር ቀን ቆየ። ጠላት ይደርስብኛል ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ዐሥር ቀን ቀላል አይደለም። መልሱ ሲመጣ ግብፅ አትሂዱ፣ በአገራችሁ ተቀመጡ የሚል ሆነ። ሰዎቹም ነቢዩን ዋሽተሃል አሉት፤ ባሮክ የሚባለውን ጸሐፊውንም በእኛ ላይ የሚያነሣሣህ እሱ ነው ብለው ከሰሱት። ከዚያ ጉዟቸውን ቀጠሉ። ኤርምያስንና ባሮክንም ሳይቀር ይዘዋቸው ግብፅ፣ ጣፍናስ ገቡ።

በእኛ አገር መድረኮች ስለ እግዚአብሔር ምሪት ሲሰበክ የሚነሡት ታሪኮች ይታወቃሉ፤ የማይቃጠለው ቁጥቋጦ፣ የጌዴዎን ፀምር፣ በሌሊት ስሙ የተጠራው ብላቴና ሳሙኤል። የኤርምያስ ምዕራፍ 42 እምብዛም አይነሣም። ይህ ዲስኩር ግን ከዚያ የሚነሣው በምክንያት ነው። እግዚአብሔር እንዴት ይናገራል የሚለው ጥያቄ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈውበታል፤ ሰው ከመጠየቁ በፊት ምን ያህሉን ወስኖ እንደሚመጣ ግን ብዙ አይጠየቅም። የምሪት ጉዳይ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። ፓስፖርቱ ወጥቷል፣ ለደላላው ተከፍሏል፣ እናት ወርቋን ሸጣለች፤ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ የምትሄደው ልጅ በረራዋ ሁለት ቀን ሲቀረው ወደ ጸሎት ቤት መጥታ የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን ጸልዩልኝ ትላለች። ሌላው የሠርግ አዳራሽ ተከራይቶ፣ የጥሪ ወረቀት በትኖ ካበቃ በኋላ የንስሐ አባቱን “ምን ይላሉ አባቴ?” ይላቸዋል። አባት ምን ይበሉ? የተጠየቁት ምርቃት ነው። ምርቃት መጠየቅ ነውር የለውም፤ እንዲያውም የአገር ወግ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ምርቃቱ ምሪት ተብሎ ሲጠራና በኋላ ትዳሩ ሲፈርስ ወይም አሠሪዋ ስትበድላት፣ ጥፋቱ ሁሉ ምንም ባልተጠየቀው አምላክ ላይ ሲላከክ ነው።

ጆርጅ ሙለር ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1805 ፕሩሲያ ውስጥ ተወለደ፤ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ እያለ የእንግዳ ማረፊያ ሒሳብ ሳይከፍል በመቅረቱ የታሰረ ወጣት ነበር። ኋላ ልቡ ተመልሶ እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ ተቀመጠና በ1836 በኪራይ ቤት የሙት ልጆች ማሳደጊያ ከፈተ። በ1898 ሲያርፍ በማሳደጊያዎቹ ያለፉት ልጆች ዐሥር ሺህ ያህል ደርሰው ነበር። ሙለር ገንዘብ ከሰው አይለምንም፤ ይጸልያል፣ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ምሪት ሲጠየቅ ስለ ራእይና ስለ ድምፅ ይናገራል ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል። እሱ ግን በተወው አጭር ማስታወሻ መጀመሪያ የሚያደርገው ልቡን መመርመር እንደሆነ ይነግረናል፤ በያዘው ጉዳይ ላይ የራሱ የሆነ ምርጫ እስከማይቀርለት ድረስ ይጸልያል። ሰዎች በብዛት የሚቸገሩት እዚሁ ላይ ነው ባይ ነው። ቀጥሎ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያነባል፣ የነገሮችን አካሄድ ያያል፣ ይጸልያል፣ የደረሰበትንም ውሳኔ ሰላም ይሰጠው እንደሆነ ደጋግሞ ይመዝናል። ስሜትን ብቻ ይዞ የተነሣ ሰው ክፉኛ ሊሳሳት እንደሚችልም ያስጠነቅቃል።

ምርጫን ጨርሶ ከልብ ማውጣት ለሰው ይቻላል ወይ ብሎ መጠርጠር ይገባል። የሚወዳትን ልጅ ሊያገባ የሚያስብ ወጣት “ምርጫ የለኝም” ቢል ማን ያምነዋል? ቢያንስ ግን “እምቢ” የሚል መልስ ቢመጣ ሊሰማው የሚችል ሰው መሆኑን ራሱን መጠየቅ ይችላል። ይህ ጥያቄ በሐቀኝነት ካልተመለሰ የሚቀጥለው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የተዘጋ በርና የተከፈተ በር ጉዳይ ነው። በወንጌላውያን አማኞች ዘንድ “በር ተከፈተ” እና “በር ተዘጋ” የዕለት ተዕለት ንግግር ሆኗል። ቪዛ ሲገኝ ፈቃዱ ነው ይባላል፤ ቪዛ ሲከለከል አይደለም ይባላል። በኦርቶዶክሱም ሰፈር “ባይፈቅድ ነው እንጂ” የሚለው አነጋገር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ የኤምባሲ ቆንስላዎች ከነቢያት ይቆጠሩ ነበር።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 በዚህ ላይ የሚያሳየን ብዙ ነው። ጳውሎስ፣ ሲላስና ወጣቱ ጢሞቴዎስ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ወደ ምዕራብ እየተጓዙ ነው። በእስያ አውራጃ ሊሰብኩ ሲያስቡ መንፈስ ቅዱስ ከለከላቸው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ቢታንያ ሊሄዱ ሞከሩ፤ አሁንም አልተፈቀደላቸውም። እንዴት እንደተከለከሉ የመጽሐፉ ጸሐፊ ሉቃስ አይናገርም፤ በሽታ ይሁን፣ ትንቢት ይሁን፣ የውስጥ ስሜት ይሁን ዝም ይላል። እንግዲህ ሦስቱ ሰዎች በእግራቸው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዘው ባሕር ዳር፣ ጢሮአዳ እስኪደርሱ ድረስ የሚያውቁት የማይሄዱበትን ብቻ ነበር። የሚሄዱበትን የሚነግራቸው አልነበረም። ስለ እነዚያ ሳምንታት ማንም አይሰብክም።

ጢሮአዳ ላይ ጳውሎስ በሌሊት ራእይ አየ፤ አንድ የመቄዶንያ ሰው ቆሞ እንዲረዷቸው ይለምነዋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። ራእዩን ያየው ጳውሎስ ብቻውን ነው፤ ወደ መቄዶንያ እንሂድ የሚለው ድምዳሜ ግን የሁሉም ነው። ሉቃስ ራሱን ጨምሮ “እኛ” ማለት የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ሐዋርያው ራእይ አይቻለሁና ተከተሉኝ ብሎ ጉዳዩን በአንድ ቃል አልዘጋውም፤ አብረው አመዛዘኑት። ሁለተኛው፣ ባሕሩን ተሻግረው ፊልጵስዩስ ሲደርሱ የጠበቃቸው ነገር ነው። የጠራቸው ወንድ ነበር፤ ያገኟቸው ግን በወንዝ ዳር ለጸሎት የተሰበሰቡ ሴቶች ናቸው፤ ከእነርሱም የሐምራዊ ልብስ ነጋዴዋ ልድያ። ብዙም ሳይቆይ ጳውሎስና ሲላስ ልብሳቸው ተገፎ በበትር ተደበደቡ፤ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ወኅኒ ገቡ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከሁሉ ግልጽ ከሆኑት ምሪቶች አንዱን ተከትለው የደረሱት እስር ቤት ነው። ከመራኝ ይሳካልኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት።

ተዘግታ የነበረችው እስያስ? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጳውሎስ የአውራጃዋ ዋና ከተማ በሆነችው ኤፌሶን ከሁለት ዓመት በላይ ተቀመጠ። የቀድሞው ክልከላ ለዚያ ጊዜ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከእኛ ሩቅ ነው ለሚል አድማጭ የኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወት አለ። ኢሉባቦር ውስጥ፣ ሁሩሙ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ የተወለደው ሕፃን ስሙ ሂካ ይባል ነበር። ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጠቁት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አወጣውና በምጽዋ አቅራቢያ እምኩሉ ላይ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 ተጠመቀ። ስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምሮ በ1881 ሲመለስ በልቡ የነበረው አንድ አሳብ ነው፤ ወደ ተወለደበት ሕዝብ መሄድና ወንጌልን በኦሮምኛ መስበክ።

ከዚህ የበለጠ የጠራ ጥሪ ከየት ይመጣል? ያውም አሳቡ የራሱ ብቻ አልነበረም፤ ሚሲዮኑም ደግፎታል፣ ጓዶችም አብረውት ተነሥተዋል። በመሀል አገር ማለፍ ስለማይቻል በሱዳን በኩል ዞረው ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሡ። አልሆነም፤ ድንበሩ አካባቢ ደርሰው ለመመለስ ተገደዱና በሚያዝያ 1882 ካርቱም ገቡ። ኦነሲሞስ በንዳድ ተያዘ። ከዚህ በላይ የማህዲ ዐመፅ ተቀስቅሶ መንገዱን ሁሉ ዘጋው። ወደ እምኩሉ ተመለሱ። በ1886 ለሁለተኛ ጊዜ የተሞከረው ጉዞም ሳይሳካ ቀረ።

ይህ ሰው በዚያን ዓመት ምን አሰበ ይሆን? ዛሬ ሆነን ወደ ኋላ ስናይ ሁሉም ግልጽ ነው፤ ለእሱ ግን ግልጽ ሊሆንለት የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗል፣ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። እንግዲህ ያደረገው እጁ ላይ ወዳለው ሥራ መመለስ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም። እዚያም ሌላ ግድግዳ ጠበቀው። ቋንቋውን ጥሎ የወጣው በልጅነቱ ነው፤ የቃላት ክምችቱ ለኢሳይያስና ለመዝሙር አይበቃም ነበር።

የጎደለው የተሞላው በአንዲት ወጣት ሴት ነው። አስቴር ጋኖ ትባላለች። እሷም ባሪያ ሆና ቀይ ባሕርን ስትሻገር በ1886 ጣልያኖች ከመርከብ አስለቅቀው እምኩሉ አምጥተዋታል፤ ልብ በሉ፣ የኦነሲሞስ ሁለተኛ ጉዞ የከሸፈው በዚያው ዓመት ነው። አስቴር ቋንቋውን ከነተረቱና ከነዘፈኑ የያዘች ነበረች። ቃላት ሰበሰበች፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፣ ተረትና ግጥም ጻፈች። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። ሁለቱ በጋራ ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ በ1894 ወጣ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ሳንክት ክሪሾና ላይ ለኅትመት በቃ።

አሁን “አያችሁ፣ እግዚአብሔር መንገዱን የዘጋው ለትርጉሙ ሥራ ነው” ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ምናልባትም እውነት ነው። ይህ ተናጋሪ ግን ከዚያ በፊት ትንሽ ቆም ማለትን ይመርጣል። ኦነሲሞስ የመጀመሪያውን መዘጋት “አይሆንም” ብሎ አልተረጎመውም፤ ሌላ ጊዜ ሞክሯል። ሁለተኛውንም የጥሪው ፍጻሜ አላደረገውም። በ1904፣ ስዊድንን ትቶ በወጣ በሃያ ሦስተኛው ዓመት፣ ወለጋ ገባ፤ ነቀምቴ ላይ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሉት። እዚያም ችግሩ አላለቀም፤ ክስ ቀርቦበት ለዓመታት ሥራው ተገድቦ ኖሯል። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1931 ድረስ፣ በዚያው ቆየ። መዘጋቱ አሳቡን አላስጣለውም፤ መንገዱን፣ ጊዜውንና ቅደም ተከተሉን ግን ለውጦታል።

ዮናስን ደግሞ አጠገቡ አቁሙት። ወደ ነነዌ ሂድ ተባለ፤ ወደ ተርሴስ ሊኮበልል ኢዮጴ ወረደ። ወደብ ላይ መርከብ አገኘ፤ መርከቡ ወደሚፈልገው አገር የሚሄድ ነው፤ የሚከፍለውም ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ነበር። የተከፈተ በር ማለት ይህ ነው፤ ሁሉ ነገር ገጥሞለታል። የዮናስ በር ተከፍቶ ስሕተት ነበር፤ የኦነሲሞስ በር ተዘግቶ ዓላማው ትክክል ነበር። ሁኔታ መታየቱ አይቀርም፤ ምስክርነቱ ግን ብቻውን ሲቆም ደካማ ነው።

ምልክት መጠየቅስ? ጌዴዎን ፀምሩን ዘርግቶ ጠይቋል፤ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ ተነግሮት ነበር። ፀምሩ የፍርሃቱ መድኃኒት ነበር፤ አዲስ ነገር አልነገረውም። ዕጣም ቢሆን በመጽሐፍ አለ። ይሁዳ የተወውን ስፍራ ለመሙላት ሐዋርያት ዕጣ ሲጥሉ መጀመሪያ መስፈርት አወጡ፤ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ አብሮ የነበረ ሰው ይሁን አሉ። ሁለት ሰው ለዩ፣ ጸለዩ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዕጣው የወጣው። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥርዓት ይዛ ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሁለት ሺህ የሚበልጡ መራጮች ድምፅ ሰጥተው ለፓትርያርክነት ሦስት እጩዎችን ለዩ፤ ኅዳር 4 ቀን (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ካይሮ በሚገኘው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል፣ ዓይኑ የተሸፈነ አንድ ሕፃን ልጅ ከሦስቱ አንዱን ስም አወጣ። የወጡት አባ ታዋድሮስ ናቸው፤ በምርጫው አንደኛ የነበሩት ግን ሌላው እጩ ነበሩ። ከዕጣው በፊት የወራት ምርመራ፣ ጾምና ጸሎት አለ፤ ሦስቱም ለመንበሩ ይበቃሉ ተብለው የታመነባቸው ናቸው። በጭፍን መጽሐፍ ከፍቶ ጣት ያረፈበትን ጥቅስ መመሪያ ማድረግ፣ ወይም ዐውደ ነገሥት አስገልጦ ስምና የእናት ስም ማስቆጠር ከዚህ ጋር አንድ ስም ሊሰጠው አይችልም።

“አውግስጢኖስስ?” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ386 ሚላኖ ውስጥ በአትክልት ስፍራ ሆኖ የሕፃን ድምፅ ሰማ፣ የጳውሎስን መልእክት ከፈተ፣ ዓይኑ ባረፈበት ቃል ሕይወቱ ተለወጠ። ነገር ግን ያ ሰው ከዚያ በፊት የአምብሮስዮስን ስብከት ለሁለት ዓመት ያህል አዳምጧል፣ ጳውሎስን ሲያነብ ሰንብቷል፣ ምን ማድረግ እንዳለበትም ያውቅ ነበር፤ ያቃተው ማድረጉ ነው። ኋላ ጳጳስ ከሆነ በኋላ ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ለዓለማዊ ጉዳያቸው ከወንጌል ገጽ ላይ ዕጣ የሚያወጡ ሰዎችን ልማድ እንደማይወደው በግልጽ ጽፏል። በገዛ ታሪኩ ሌላው እንዳይሳሳት የተጠነቀቀ ይመስላል።

በልብ ውስጥ የሚሰማውን ነገር መመርመር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ካቶሊኩ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ በ1521 በፓምፕሎና ጦርነት እግሩን በመድፍ ተመትቶ በተኛበት ቤት የጀግና ልብ ወለድ እንዲያመጡለት ጠየቀ፤ ቤቱ ውስጥ የተገኘው የክርስቶስ ሕይወትና የቅዱሳን ገድል ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲያልም ይውላል፤ አንዴ ስለ ጦርና ስለ ወይዘሮ፣ አንዴ እንደ ቅዱሳኑ ስለመሆን። ሁለቱም አሳብ ሲታሰብ ደስ ይላል። ልዩነቱን ያገኘው በኋላ ነው፤ የፊተኛው ካለፈ በኋላ ልቡን ባዶ ያደርገዋል፣ የኋለኛው ካለፈም በኋላ ደስታው ይቆያል። በ1548 የታተመው የመንፈሳዊ ልምምድ መጽሐፉ ከዚህ ትዝብት የበቀለ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ነጥብ፣ በጸሎት ሰዓት የተሰማን ሙቀት ማስረጃ ከመሆኑ በፊት እስከ ማግስቱና እስከ ሳምንቱ ድረስ መታየት እንዳለበት ነው።

ዕድሜና ትጋት ብቻቸውን ዋስትና አይሆኑም። ዮሐንስ ካስያኖስ ከግብፅ በረሓ አባቶች ሰምቶ የጻፈው አንድ አስደንጋጭ ታሪክ አለ። ሄሮን የሚባል መነኩሴ ኃምሳ ዓመት በበረሓ ተጋደለ። ጾሙ እጅግ የከረረ ከመሆኑ የተነሣ በፋሲካ ቀን እንኳ ከወንድሞች ጋር ማዕድ አይቀርብም ነበር፤ ማንንም አያማክርም። ሰይጣን በመልአክ አምሳል መጥቶ ከጽድቅህ የተነሣ ጕድጓድ ውስጥ ብትወረወር አትጎዳም አለው። በእኩለ ሌሊት ዘሎ ገባ። ወንድሞች ሊሞት ሲል አወጡት፤ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። እስኪሞት ድረስ የተታለለ መሆኑን አልተቀበለም። ታሪኩን የተናገሩት አባ ሙሴ የአደጋውን ሥር ያገኙት ሽማግሌዎችን ካለማማከሩ ላይ ነው። የንስሐ አባት መያዝ፣ ሱባኤ ሲገባም ለአባት ነግሮ መግባት የሚባለው ሥርዓት ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ወጣት ቢኖር፣ የሄሮን ታሪክ አንዱ መልስ ነው።

ወደ ትንቢት እንምጣ፤ ዛሬ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነውና። አንድ ሰው በመድረክ ላይ ቆሞ እግዚአብሔር እንዲህ ይልሃል ይላል። ሥራህን ልቀቅ፣ ይቺን አግባ፣ ይህን ያህል ብር ዝራ። የሚመረምረው ካለ እምነት የጎደለው ይባላል። በመጽሐፍ ያሉት ነቢያት ግን ከዚህ የበለጠ ትሑታን ነበሩ። ዳዊት ቤተ መቅደስ ልሥራ ሲለው ናታን በልብህ ያለውን አድርግ አለው፤ በዚያው ሌሊት የመጣለት ቃል የተለየ ስለነበር በማግስቱ ሄዶ አስተካከለ። በንጉሥ ፊት የተናገረውን ቃል ለማረም ነቢይነቱ አላገደውም።

ከናታን ይልቅ የሚገርመው ግን ኤርምያስ ነው። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደስ፣ በካህናትና በሕዝብ ፊት፣ የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ይሰበራል ብሎ ተነበየ። ኤርምያስ አሜን፣ እንዲህ ያድርግ ብሎ ተመኘ፤ ሆኖም ሰላምን የሚተነብይ ሰው የሚታወቀው ቃሉ ሲፈጸም መሆኑን አስታወሰ። ሐናንያ ኤርምያስ ለምልክት የተሸከመውን ቀንበር ከአንገቱ ወስዶ ሰበረው። ኤርምያስ ምንም አልመለሰም፤ መንገዱን ሄደ። እሱ የሚያውቀው ሌላ ነገር ሆኖ ሳለ እንኳ አዲስ ቃል እስኪመጣለት ድረስ አፉን ዘጋ። ቃሉ ከመጣለት በኋላ ተመልሶ ተናገረ። የትኛው የዛሬ ነቢይ ነው በሕዝብ ፊት ተዋርዶ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ?

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ የዋህ አልነበረችም። በግሪክ ስሙ ዲዳኬ የሚባለው የአንደኛው ወይም የሁለተኛው መቶ ዘመን ሥርዓት ለተጓዥ ነቢያት መለኪያ አስቀምጧል። ሦስት ቀን ከቆየ ሐሰተኛ ነው፤ ሲሄድ ከስንቅ በቀር ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነው፤ በመንፈስ ሆኖ ለራሱ ብር አምጡ ቢል አይስሙት፤ ለችግረኞች ስጡ ካለ ግን አይፈረድበት። የሚያስተምረውን የማያደርግም ሐሰተኛ ነው። ይህ እንግዳ መጽሐፍ ነው የሚል ካለ፣ ስለ ነቢያት የሚናገረው ክፍሉ በግዕዝ ተተርጉሞ በሲኖዶስ መጽሐፋችን ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። መለኪያው ከጥንት ጀምሮ በእጃችን ነበር።

ሁሉ ተመርምሮም ቢሆን ቅን ሰዎች የሚለያዩበት ጊዜ አለ። ጢሮስ ላይ የነበሩ ደቀ መዛሙርት በመንፈስ ሆነው ጳውሎስን ወደ ኢየሩሳሌም አትውጣ አሉት። ቂሳርያ ላይ አጋቦስ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የገዛ እጅና እግሩን አስሮ የሚጠብቀውን አሳየው። ሁሉም አለቀሱ፤ ሉቃስም ከሚለምኑት ጋር ነበር። ጳውሎስ መንፈስ እዚያው እየመራኝ ነው ብሎ አልተመለሰም። ስለሚመጣው እስራት ሁሉም ተስማሙ፤ ምን ይደረግ በሚለው ላይ ግን አልተስማሙም። በመጨረሻ ዝም ብለው ለጌታ ፈቃድ ተዉት፤ እሱን አላወገዙትም፣ እሱም ጥሏቸው አልሄደም። ትንቢቱ እውነት ሆኖ ከእሱ የሚወጣው ምክር የሰው ፍቅር ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥም ለሁለቱም ቦታ መኖር አለበት።

አብዛኛው ነገር ግን ምሪት መጠበቅ የማያስፈልገው መሆኑን መናገር ይገባል። ዕዳህን ክፈል፣ እናትህን ጡር፣ በሠራተኛህ ደመወዝ አታታል፤ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ተነግሯል። ሰባት ቀን ሱባኤ ገብቶ ፈቃዱን የሚጠይቅ፣ ግን በግልጽ የታዘዘውን የማያደርግ ሰው ጥያቄው ከልብ መሆኑ ያጠራጥራል።

እንግዲህ ይህን ዲስኩር ለሚያዳምጡ የንስሐ አባቶች፣ መጋቢዎችና የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች አንድ ልመና አለ። ወጣቶች ምክር ፍለጋ ሲመጡ ውሳኔው ገና ትኩስ ሳለ የሚመጡበትን ሰዓት ክፈቱላቸው፤ ከሳምንቱ አንድ ቀን፣ ያለ ወረፋና ያለ ፍርሃት። ሲመጡም ከመጸለያችሁ በፊት እምቢ ቢባሉ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቋቸው። ከታዳሚዎች መካከል በቅርቡ ትንቢት የተነገረው ካለ ደግሞ ቃሉን ከነቀኑ በወረቀት ይጻፈው፤ ቤቱን ከመሸጡ፣ ሥራውን ከመልቀቁ ወይም ቀለበት ከማሠሩ በፊት ወረቀቱን ይዞ ከትንቢቱ ምንም ጥቅም ወደሌላቸው ሁለት ወይም ሦስት ሽማግሌዎች ይሂድ። ተናጋሪው ነቢይ ይህን ከከለከለው ጉዳዩን በዚያው ይተወው።